ሙቀጫ ውስጥ የገባው ኪኒን

ማክሰኞ ጠዋት መድኃኒት ቤቱን ከፍቼ ባንኮኒውን ስወለውል፣ ከባቲ መስመር በመጣው የመጀመሪያ መኪና የወረደች ወጣት ገባች። የሻርፗን ጫፍ ፈትታ አንድ የመድኃኒት ፖስታ አስቀመጠችልኝ። አባቷ ከሳምንት በፊት ከበቅሎ ወድቀው ክንዳቸው ተሰብሯል። ጄሶ ታስሮላቸው፣ ማስታገሻ ታዞላቸው ወደ ቤት ተመልሰዋል።

«ከትናንት ወዲያ ጠዋት ሰጠኋቸው፤ እስከ አስር ሶላት አልነቁም» አለችኝ። «ስጠራቸው እህ ይላሉ፣ ዓይናቸውን ግን አይገልጡም። ሲነቁ ደግሞ አስመለሳቸው። ፈርቼ ትናንት ተውኩት። ዛሬ ደህና ናቸው፣ ቡናም ጠጥተዋል። ክንዳቸው ግን እየጠዘጠዛቸው ሌሊቱን ሙሉ ሲያቃስቱ አደሩ። ልቀጥል ወይስ ልተው?»

እሽጉን አወጣሁት። ትራማዶል፣ 100 ሚሊ ግራም። ፖስታው ላይ በእስክሪብቶ «1 × 2» ተጽፏል። ለአንድ አዋቂ ሰው ብዙ የሚባል መጠን አይደለም፤ በቀን የሚፈቀደው ጣሪያ 400 ሚሊ ግራም ነው።

«እንዴት ነው የምትሰጪያቸው?»

«ትልቅ ስለሆነ መዋጥ አቃታቸው። እወቅጠውና በማር አደርግላቸዋለሁ።»

«በሙቀጫ?»

«አዎ፣ በሙቀጫ። ጉሮሯቸውን እንዳይከረክራቸው አድቅቄ ነው የምወቅጠው።»

እሽጉን ገልብጬ አሳየኋት። ከመድኃኒቱ ስም ኋላ «ኤስአር» የሚሉ ሁለት ፊደላት አሉ። ቀስ ብሎ የሚለቅ ማለት ነው። እሷ እነዚያን ፊደላት የምታውቅበት ምክንያት የለም። የሚያውቀው መድኃኒቱን ያስረከባት ሰው ነበር፤ እሱም «እንዳትወቅጪው» የሚለውን አንድ ቃል አጉድሏል። እኔም በሥራዬ ዘመን ያንን ቃል ያጎደልኩባቸው ቀኖች አሉ። ይህን ምዕራፍ የምጽፈው ለዚያ ቃል ነው።

ከደሴ ወደ ኮምቦልቻ የወረደ ሰው ሐረጎን ያውቃል። 25 ኪሎ ሜትር በማይሞላ መንገድ ከ2,500 ሜትር ገደማ ወደ 1,850 ሜትር ገደማ ይወረዳል። ጭነት የያዘ ተሳቢ ያንን ጠመዝማዛ የሚወርደው በከባድ ማርሽ፣ እየተንፏቀቀ ነው። ከኋላው ያለው አውቶብስ ጥሩምባ ቢነፋም ሾፌሩ አይቸኩልም። ጭነቱ ያው ጭነት፣ ቁልቁለቱም ያው ቁልቁለት ነው፤ መኪናውን በሰላም የሚያወርደው ፍጥነቱ ብቻ ነው። ቀስ ብሎ የሚለቅ ኪኒንም እንዲሁ ነው። የአሥራ ሁለት ሰዓት መድኃኒት ተጭኖበታል፤ በውስጡ ያለው ሙጫ መሰል ነገር ውኃ ሲነካው እያበጠ መድኃኒቱን በጥቂት በጥቂቱ ይለቃል። ሙቀጫ የሚሰብረው ያንን ፍሬን ነው። የተወቀጠው ኪኒን በማር ሲዋጥ የግማሽ ቀኑ ጭነት በአንድ ጊዜ ቁልቁል ይለቀቃል።

ስለዚህ እሽጉ ላይ የሚጻፈው «100» ብቻውን ምንም አይናገርም። ቁጥሩ የተሰላው ወደ ሰውነት ለሚገባበት አንድ በርና ለአንድ ፍጥነት ነው። በሩ ከተቀየረ ወይም ፍጥነቱ ከተቀየረ፣ እጃችን ላይ ያለው ኪኒን ያው ኪኒን ቢሆንም ሰውየው የሚወስደው ሌላ መጠን ነው።

በሩ ለምን ይህን ያህል ለውጥ ያመጣል? በአፍ የገባ ነገር ከአንጀት ወደ ደም ከተሻገረ በኋላ በቀጥታ ወደ ልብ አይሄድም። ከአንጀት የሚነሣው ደም መጀመሪያ በጉበት በኩል ያልፋል። ከጂቡቲ የመጣ ዕቃ ጉምሩክ ሳይፈተሽ ወደ ሱቅ እንደማይገባ ሁሉ፣ የተዋጠ መድኃኒትም ጉበት ሳይፈትሸው ወደ ሰውነት አይሠራጭም። ጉበት የተወሰነውን ይሰብረዋል፣ የተወሰነውን ይለውጠዋል፣ የቀረውን ያሳልፋል። ከተዋጠ ሞርፊን ይህን ኬላ የሚያልፈው ሲሦው ገደማ ብቻ ነው። ሐኪም የሚዋጥ ሞርፊን ሲያዝ ይህን ቀድሞ አስቦ ነው። ያንኑ መጠን በመርፌ የወሰደ ሰው ግን ኬላውን ዘሎ ሦስት እጥፉን ወሰደ ማለት ነው። ትንፋሹ ሊቆም ይችላል።

የትራማዶል ነገር ደግሞ ከዚህም የተወሳሰበ ነው፤ እኛን ኢትዮጵያውያንን የሚመለከት አንድ ጉዳይም አለበት። ከመድኃኒት ቤት የተሰጣችሁ ኪኒን ውስጥ ያለው ትራማዶል በራሱ ደካማ ማስታገሻ ነው። ኃይለኛው ጉበት ውስጥ የሚወለደው ልጁ ነው። ሲዋይፒ2ዲ6 የሚባል ኢንዛይም ትራማዶልን ሲለውጠው የሚወጣው ነገር፣ በአንጎል ውስጥ ሞርፊን በሚይዘው ቦታ ላይ ከወላጁ እጅግ በበለጠ ኃይል ይጣበቃል። ኮዴይንም በዚሁ ኢንዛይም ወደ ሞርፊን ይለወጣል። ሰው ሁሉ ግን እኩል ኢንዛይም የለውም። አንዳንዱ ይህን ኢንዛይም የሚሠራውን ጂን ሁለት፣ ሦስት፣ ከዚያም በላይ ደርቦ ይወለዳል። እንዲህ ያለው ሰው ሌላው በሰዓታት የሚለውጠውን ቶሎ ለውጦ ይጨርሳል።

እ.ኤ.አ. በ1996 ኢትዮጵያዊቷ ተመራማሪ ኤሌኒ አክሊሉ ስዊድን ከሚገኘው የካሮሊንስካ ተቋም ባልደረቦቿ ጋር ባሳተመችው ጥናት፣ ከተመረመሩት ኢትዮጵያውያን 29 በመቶው ይህን ጂን ደርበው የያዙ ሆነው ተገኙ። በስዊድናውያን ዘንድ ቁጥሩ ከአንድ እስከ ሁለት በመቶ ነው። ይህን መጀመሪያ ሳነብ ከወንበሬ ተነሥቼ ቆምኩ። በየቀኑ ባንኮኒዬ ፊት ከሚሰለፉት አሥር ሰዎች ሦስቱ ገደማ፣ መጠኑ በአውሮፓውያን አካል ተፈትኖ የተወሰነ መድኃኒት ከእኔ እየተቀበሉ ነበር ማለት ነው። ከመካከላቸው የትኛው እንደሆነ ፊቱን አይቼ አላውቅም፤ እሱም አያውቅም።

ለምን እኛ ጋ እንዲህ በዛ? ከጥናቱ ባልደረቦች አንዱ የሆነው ማግኑስ ኢንግልማን-ሱንድበርግ አንድ መላ ምት አቅርቧል። በጥንት ዘመን በዚህ አካባቢ ረሃብ ሲጠና፣ መርዛማ ዕፅዋትን በልተው መርዙን በጉበታቸው ማርከስ የቻሉ ሰዎች ተረፉ፤ ጂኑንም አወረሱ ይላል። መላ ምት ነው፣ የተረጋገጠ አይደለም። ረሃብን በሚያውቅ በወሎ ምድር ተቀምጦ ሲያነቡት ግን በዋዛ የሚታለፍ ሐሳብ አይደለም።

የአሜሪካ የምግብና መድኃኒት አስተዳደር እ.ኤ.አ. በ2017 ትራማዶልና ኮዴይን ከ12 ዓመት በታች ላሉ ልጆች እንዳይሰጡ፣ የሚያጠቡ እናቶችም እንዳይወስዱ ያስጠነቀቀው በዚሁ ፈጣን ለዋጭነት ምክንያት ነው። እናት ፈጣን ለዋጭ ከሆነች ኃይለኛው ነገር በጡት ወተቷ ወደ ሕፃኑ ይሄዳል። እንግዲህ የአባትን የተረፈ ትራማዶል ግማሹን ቆርሶ ጥርሱን ላመመው ልጅ መስጠት ምን ያህል አደገኛ እንደሆነ አስቡት። ለጎረቤት ማካፈልም ያው ነው። «ለእኔ ተስማምቶኛል» የሚለው ምስክርነት ስለ ሌላው ሰው ጉበት ምንም አይነግረንም።

ወደ መርፌ ልለፍ። በእኛ አገር ስለ በር ሲነሣ መርፌን መዝለል አይቻልም።

መድኃኒት ቤቴ ያለባት ኮምቦልቻ የፋብሪካ ከተማ ናት። ጨርቃ ጨርቁ፣ ቢራው፣ በ2009 ዓ.ም. ሐምሌ የተመረቀው የኢንዱስትሪ ፓርክ አለ። ስምንት ሰዓት ቆሞ የዋለ ወገብ ይጮኻል። ሠራተኛው ከፈረቃ ሲወጣ ወደ እኔ ይመጣና «ዳይክሎፌናክ በመርፌ ስጠኝ» ይላል። ኪኒን ሳቀርብለት ቅር ይለዋል። ብዙ ሰው ዘንድ ኪኒን ለልጅ፣ መርፌ ለእውነተኛ በሽታ ነው። ስንቱ ነው ጤና ጣቢያ ደርሶ መርፌ ስላልተወጋ «ሳልታከም ተመለስኩ» የሚለው! ይህን እምነት አልንቅም። ፔኒሲሊን በገጠር ሰውን ከሞት አፋፍ ሲመልስ ያየ ትውልድ ያወረሰን ነው። ማስታገሻ ላይ ግን እምነቱ አይሠራም።

ዳይክሎፌናክን በመርፌ የሚመርጡ ብዙዎች የሚሰጡኝ ምክንያት «ጨጓራዬን እንዳይነካኝ» የሚል ነው። ለዚህ መልሱ ያለው እንግሊዛዊው ጆን ቬን እ.ኤ.አ. በ1971 ባሳየው ነገር ውስጥ ነው። አስፕሪንና ዘመዶቹ ሕመምን የሚያስታግሡት ፕሮስታግላንዲን የሚባሉ ንጥረ ነገሮች እንዳይመረቱ በማገድ ነው፤ ቬን በ1982 የኖቤል ሽልማት አግኝቶበታል። የጨጓራን ግድግዳ ከአሲድ የሚጠብቀውን ልስላሴ የሚያስመርቱትም እነዚሁ ፕሮስታግላንዲኖች ናቸው። ስለዚህ ዳይክሎፌናክ ጨጓራን የሚያቆስለው በዋናነት ስለነካው አይደለም። በደም ዞሮ ስለሚደርስበት ነው። በቂጥ ገባም በአፍ፣ ደሙ ያው ደም ነው። ኩላሊትንም የሚጎዳው በዚሁ መንገድ ነው፤ በተለይ ውኃ ሳይጠጣ በሙቀት የዋለን ሰው፣ የደም ግፊት መድኃኒት የሚወስድን ሰው።

መርፌው ጨጓራን ካላዳነ ምን ጨመረ? አደጋ ጨመረ። በቂጥ የሚሰጥ መርፌ ቦታው ከላይ በውጭ በኩል ባለው ሩብ ላይ ነው። ወደ ውስጥ ወይም ወደ ታች ከሳተ ከወገብ ወደ እግር የሚወርደው ወፍራም ነርቭ አለ። እሱ ከተወጋ ሰውየው በዚያችው ቅጽበት እስከ ጣቱ እንደ እሳት የሚወርድ ሕመም ይሰማዋል፣ ከዚያ በኋላ የእግሩ መዳፍ ወደ ላይ አልነሣ ይላል። ሲራመድ ጣቱ መሬት ይጠርጋል። አንድ ጎረምሳ እንዲህ ሆኖ ጫማው ከፊቱ ብቻ ተበልቶ አይቻለሁ። አምፑሉን ገዝቶ መንደር ውስጥ «እጁ ጥሩ ነው» ለሚባል ሰው ወስዶ ነበር ያስወጋው። እያንዳንዱ አምፑል 75 ሚሊ ግራም ነው፤ በቀን ከሁለት አምፑል፣ ከሁለት ቀንም በላይ አይሰጥም። ባንኮኒዬ ፊት ግን «የሳምንት ስጠኝ» የሚል ሞልቷል።

«ወገቤን ነው የሚያመኝ፣ ወገቤ ላይ ውጋኝ» የሚሉም አሉ። ይህ ስህተት ክቡር ዘመድ አለው። እ.ኤ.አ. በ1853 የኤድንብራው ሐኪም አሌክሳንደር ዉድ በመርፌ ሞርፊን መስጠት ሲጀምር፣ መድኃኒቱ የሚሠራው የተወጋበት ቦታ ያለውን ነርቭ በማደንዘዝ ነው ብሎ አምኖ ነበር። ሕመሙ ያለበት ቦታ ላይ ይወጋ የነበረውም ለዚህ ነው። ከጥቂት ዓመታት በኋላ የለንደኑ ቻርልስ ሃንተር ከሕመሙ ቦታ ርቆ የተወጋ ሞርፊንም ሕመሙን እንደሚያስታግሥ አሳየ፤ መድኃኒቱ የሚጓዘው በደም ነው። በዚያው ዘመን ብዙ ሐኪሞች «ሱስ የሚያስይዘው ኦፒየምን መዋጥ ነው፤ መርፌ ሆድን ስለማይነካ አምሮት አያመጣም» ይሉ ነበር። ተቃራኒው ሆነ። ቶሎ የሚደርስ እፎይታ አንጎልን ቶሎ ያስለምደዋል፤ በመርፌ ሞርፊን የተጠመዱ ሰዎች አውሮፓን ሞሉ፣ ብዙዎቹም ራሳቸው ሐኪሞች ነበሩ።

የዓለም ጤና ድርጅት እ.ኤ.አ. በ1986 ለካንሰር ሕመም ማስታገሻ አሰጣጥ ያወጣው መመሪያ በሦስት አጫጭር ሐረጎች ይጠቀሳል፤ በአፍ፣ በሰዓቱ፣ በደረጃው። ከሕመም ሁሉ ለከፋው ሕመም እንኳ የመጀመሪያው ምርጫ አፍ ነው። የመጨረሻ ጊዜያቸውን ለሚያሳልፉ ሕሙማን እንኳ ሞርፊን በሚጠጣ መልክ ይሰጣል። ለሚሞት ሰው በቂ ሆኖ ለወገብ ሕመም እንዴት ያንሳል?

መርፌ የሚመረጥበት ሌላም ምክንያት አለ፤ እሱን በአክብሮት ነው የማነሣው። ወሎ ጾመኛ ነው፣ ክርስቲያኑም እስላሙም። በረመዷን «ኪኒን ጾሜን ያስፈታኛል፣ መርፌ ስጠኝ» የሚሉ አባቶች አሉ፤ በዐቢይ ጾም እስከ ዘጠኝ ሰዓት ምንም ሳይቀምሱ ባዶ ሆድ ላይ ዳይክሎፌናክ የሚውጡ እናቶችም አሉ። ለታመመ ሰው እስልምና ጾሙን ኋላ እንዲከፍል ፈቅዷል፤ ክርስቲያኑም የንስሐ አባት አለው። የሃይማኖቱን ለሸሁና ለቄሱ ልተውና የሙያዬን ልናገር። በቀን ሁለት ጊዜ የታዘዘ ማስታገሻ ብዙውን ጊዜ ከኢፍጣርና ከሱሁር ጋር ሊገጥም ይችላል። «1 × 3» የተባለውን ደግሞ ሐኪሙ ሁለቴ በሚወሰድ ሊለውጠው ይችላል። ዝም ብሎ መርፌ ከመግዛት በፊት «ጾመኛ ነኝ» ማለት ብቻ ይበቃል። እስከ ዛሬ ይህን የነገረኝን ሰው መላ ሳላፈላልግለት የመለስኩበት ቀን ትዝ አይለኝም።

ያቺ «1 × 3» ራሷ ብዙ ሰው ታሳስታለች። አንድ አዛውንት ሦስቱን በአንድ ጊዜ ውጠዋቸዋል፤ «አንድ ጊዜ ሦስት» ብለው አንብበዋታል። ሌላው ጠዋት፣ ረፋድና ምሳ ላይ ወስዶ ይጨርስና ሌሊቱን በሕመም ያድራል። ሦስቱ በሃያ አራቱ ሰዓት ላይ ነው የሚከፈሉት፤ ጠዋት 1 ሰዓት፣ ቀን 9 ሰዓት፣ ማታ 5 ሰዓት። ማንበብ ለማይችል ሰው ፖስታው ላይ ፀሐይና ጨረቃ እሥላለሁ። አሁን አሁን ለሁሉም እሥላለሁ፤ የተማረውም ሲታመም ያነበበውን ይረሳል።

ኪኒን ወቅጠው በውኃ በጥብጠው በደም ሥራቸው ስለሚወስዱ፣ ወይም በአፍንጫቸው ስለሚስቡ ወጣቶች ብዙዎች በሹክሹክታ ያወራሉ። በሹክሹክታ መቅረት የለበትም። ብዙ ኪኒን ውስጥ መድኃኒቱ ትንሹ ነገር ነው። የቀረው ቅርጽ እንዲይዝ የገባ ታልክ፣ ስታርችና ሴሉሎስ ነው። ሆድ እነዚህን ያሳልፋቸዋል፤ ደም ሥር ግን መውጫ የለውም። ፍርፋሪው ከሳንባ ቀጫጭን ሥሮች ውስጥ ተሰንቅሮ ይቀርና ጠባሳ ይሠራል። በጋራ መርፌ ኤችአይቪና የጉበት ቫይረስ ይገባል፤ ካልጸዳ ውኃ የገባ ጀርም የልብን በር ይበላል። ትራማዶል ሲበዛ ደግሞ እንደ ሚጥል በሽታ ያንፈራግጣል። ልጃችሁ እዚህ ውስጥ ከሆነ ማሳፈሩ ይደብቀዋል እንጂ አያስቆመውም። ሲያቆምም በድንገት መሆን የለበትም፤ ሐኪም ቀስ በቀስ ያወርድለታል።

የተረፈ ኪኒን በየቤቱ ለምን እንደሚከማች አውቃለሁ። በ2014 ዓ.ም. ጥቅምት መጨረሻ ደሴና ኮምቦልቻ በሰሜን ኢትዮጵያው ጦርነት ሲያዙ፣ ሆስፒታልና መድኃኒት ቤት ተዘርፎ፣ ቁስለኛው በቤቱ ሲያቃስት ያየ ሰው አንዲት ፍሬ ኪኒን አይጥልም። ለክፉ ቀን ያስቀምጣል። «ጣሉት» ብዬ አልቆጣም። ፓራሲታሞል ካለ ከልጆች እጅ ርቆ፣ ከነእሽጉ፣ ቀኑ ሳያልፍ ይቀመጥ፤ እሱም ቢሆን 500 ሚሊ ግራሙ በቀን ከስምንት ፍሬ ካለፈ ጉበት ሊጎዳ ይችላል። ትራማዶልና የመሳሰሉት ግን ሲተርፉ ወደ መድኃኒት ቤት ይመለሱ። ከአረቄና ከእንቅልፍ መድኃኒት ጋር ሲገናኙ ትንፋሽ ያቆማሉ። ማስታገሻ የወሰደ ሰው ተጠርቶ አልነቃ ካለ፣ ትንፋሹ ከዘገየ፣ የዓይኑ ብሌን እንደ መርፌ ጫፍ ከጠበበ፣ ወተትም ቡናም አታጠጡት፤ ወደ ሳንባው ይገባል። በጎኑ አስተኙትና ወደ ሆስፒታል ሩጡ፤ የወሰደውንም እሽግ ይዛችሁ ሂዱ።

የባቲዋ ልጅ አባት ሆስፒታል ሳይደርሱ ነቅተዋል፤ አልሐምዱሊላህ። ያዘዘውን ሐኪም ስልክ ደውዬ አነጋገርኩት። ትራማዶሉ ቀረ፤ በምትኩ ተራ ፓራሲታሞል በየስምንት ሰዓቱ እንዲወስዱ፣ ካልበቃቸው ተመልሰው እንዲታዩ ተስማማን። ኪኒኖቹን ቆጥሬ ፖስታ ውስጥ ከተትኩ፤ ከፊቱ ላይ አንድ የምትወጣ ፀሐይ፣ አንድ ወደ ምዕራብ ያዘነበለች ፀሐይና አንድ ጨረቃ ሣልኩላት።

«አብሽሪ፣ ደህና ይሆናሉ» አልኳት።

ፖስታውን ሻርፗ ጫፍ ላይ ቋጠረች። በሩ ጋ ከደረሰች በኋላ ተመለሰችና ቋጠሮውን ፈትታ አንዷን ፍሬ አወጣች።

«ይቺስ ትወቀጣለች?»

«እሷ ትወቀጣለች» አልኳት።